ለፎቶግራፍ ስለተከፈተው ቻምበር

ቀን፦ ማክሰኞ ታኅሣሥ 8

ለምርምር ተቋማት ባለሥልጣን
ዋና ዳይሬክተር ጽሕፈት ቤት

ግልባጭ፦ ለንብረት ማስወገጃ ኮሚቴ

ጉዳዩ፦ በበላይ ትእዛዝ ተከፍቶ የተበላሸው የፕላዝማ ማሽን በባለሙያዎች የአቅም ማነስ ተመካኝቶ እንዳይፈርስ ስለመጠየቅ

ክቡር ዋና ዳይሬክተር፣

1. ትናንት ሰኞ ጠዋት የንብረት ክፍል ሠራተኞች በፕላዝማ ላቦራቶሪው ማሽን ላይ በቀይ ቀለም የማስወገጃ ቁጥር ጽፈዋል። ቁጥሩ 117 ነው። 116 የተጻፈው ኮሪደሩ ላይ በቆመው አሮጌ የፎቶ ኮፒ ማሽን ላይ ነው።

2. እኔ የዚህ ላቦራቶሪ ኃላፊ ነኝ። ማሽኑ እንዲወገድ የተወሰነው በኅዳር ወር በወጣው የግምገማ ሪፖርት መሠረት ነው። ሪፖርቱ ማሽኑ የሚይዘው ፕላዝማ ከቀድሞው በብዙ እጥፍ ያነሰ ጊዜ ብቻ እንደሚቆይ ይገልጻል። ይህ እውነት ነው። ምክንያቱ "የባለሙያዎቹ የአቅም ማነስና የሥራ ዝርክርክነት" እንደሆነም ይገልጻል። ይህ ሐሰት ነው። ማሽኑ የተበላሸው በተቋሙ አመራር የጽሑፍ ትእዛዝ ነው። ትእዛዙን የሰጡት ምክትል ዳይሬክተሩ ናቸው፤ የግምገማ ኮሚቴውን የመሩትም እሳቸው ናቸው። አቤቱታዬ ባጭሩ ይኸው ነው። የሚከተለው ዝርዝሩ ነው።

3. ክቡርነትዎ የሕግ ባለሙያ ስለሆኑ ማሽኑ ምን እንደሆነ ላስረዳ። ዋናው አካሉ ቻምበር የምንለው፣ ሰው አቅፎ የማይጨርሰው፣ ቀለበት ቅርጽ ያለው ባዶ ብረት ነው። ውስጡ ያለውን አየር በፓምፕ ስበን እናወጣለን። ከዚያ ጥቂት ሃይድሮጅን እንለቅበትና በኤሌክትሪክ እናግለዋለን። ጋዙ ከልክ በላይ ሲግል ፕላዝማ ይሆናል፤ ፀሐይም ከዋክብትም የተሠሩት ከእሱ ነው። ያን ያህል የጋለ ነገር የሚችል ብረት ስለሌለ፣ ቻምበሩን የከበቡት የመዳብ ጥቅሎች በማግኔት ኃይል ከግድግዳው አርቀው መሐል ላይ ይይዙታል። በየአገሩ ያሉ ተመራማሪዎች የሚደክሙት ፕላዝማውን ረዘም ላለ ጊዜ ይዞ፣ ቀላል አተሞች ሲዋሃዱ የሚሰጡትን ኃይል አንድ ቀን ለሰው አገልግሎት ለማዋል ነው። የእኛ ማሽን ትንሽ ነው። ኤሌክትሪክ አያመነጭም፤ ያመነጫል ብለንም አናውቅም። የምናጠናው የፕላዝማውን ዳር፣ ለግድግዳው የሚቀርብበትን ቦታ ነው። ትልልቆቹ ማሽኖች የሚቸገሩት እዚያ ላይ ስለሆነ፣ የእኛን ልኬት ከእነሱ ጋር የሚያነጻጽሩ ሁለት የውጭ ላቦራቶሪዎች አሉ። ደብዳቤዎቻቸው በአባሪ ሁለት ቀርበዋል።

4. ሥራው ሁሉ የሚቆመው በግድግዳው ንጽሕና ላይ ነው። ንጽሕና ስል በጨርቅ የሚወለወለውን ማለቴ አይደለም። ብረት አየር ባገኘው ቁጥር ዓይን የማያየው የውሃ ሽፋን ይለብሳል። ፕላዝማው ሲበራ ያ ውሃ ከግድግዳው ይለቀቃል፤ በውስጡ ያለው ኦክስጅን ፕላዝማው ውስጥ ገብቶ ሙቀቱን ያባክነዋል፤ ፕላዝማው ቀዝቅዞ ይጠፋል። ስለዚህ ቻምበሩ ያለ ከባድ ምክንያት አይከፈትም። መከፈቱ ግድ ሲሆን አስቀድሞ ደረቅ ናይትሮጅን ይሞላል፤ ጓንት ያጠለቀና ፀጉሩን የሸፈነ ሰው ሥራውን ፈጥኖ ይጨርስና ይዘጋል። ቀጥሎ ቻምበሩ በማሞቂያ ቀበቶዎች ታስሮ ለሳምንታት ይሞቃል፤ የወጣውን ውሃ ፓምፑ እየሳበ ያስወግዳል። እኛ ይህን "መጋገር" እንለዋለን። የላቦራቶሪው ዋና ቴክኒሺያን ሌላው ቀርቶ የጓደኛቸውን ቤት የውሃ ቧንቧ ሳይዘጉ አያልፉም፤ "ጋሽ ዝጋ" የሚለው ስም የወጣላቸው በዚህ ነው።

5. ነሐሴ ላይ ከሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱና ከአጋር ድርጅቶች እንግዶች እንደሚመጡ ተነገረን። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ማሽኑ የቆመበትን አዳራሽ ሊያዩ መጥተው ማሽኑን ሁለት ጊዜ ዞሩት። "ከውጭ ሲያዩትማ ቦይለር ነው" አሉ። "ሰውን ፀሐይ እየሠራን ነው ብለን ጠርተን በርሜል ልናሳየው ነው?"

በመስኮቱ በኩል ውስጡ እንደሚታይ ነገርኳቸው። መስኮቱ የመዳፍ ስፋት አለው። "ለካሜራ አይሆንም፤ ሆዱ ይከፈት" አሉ። የማይከፈትበትን ምክንያት አሁን ለክቡርነትዎ እንዳስረዳሁት አስረዳኋቸው። "የኔ እህት፣ አየር እኮ ነው" አሉኝ። "አየር ምን ያደርጋል? ሁላችንም የምንተነፍሰው አይደል እንዴ?"

ጋሽ ዝጋ ከመሰላሉ ላይ ሆነው "እርስዎ ይተነፍሱታል፣ እሱ አይተነፍስም" አሉ። ኃላፊው ቀልድ መስሏቸው ሳቁ።

6. በማግስቱ ለምክትል ዳይሬክተሩ የአንድ ገጽ ማስታወሻ ጻፍኩ። ቻምበሩ ቢከፈት ምን እንደሚደርስበት፣ መልሶ ለማጽዳት ምን እንደሚጠይቅ ገለጽኩ። ማሽኑ ሲሠራ በመስኮቱ የሚታየውን ብርሃን በትልቅ ስክሪን ለእንግዶቹ እንድናሳይ አማራጭ አቀረብኩ፤ ከየትኛውም ክፍት በርሜል የተሻለ እንደሚደነቅም ጻፍኩ። ማስታወሻው ተመልሶ መጣ። ኅዳጉ ላይ በእጅ ጽሑፍ "ታይቷል። ይከፈት።" ይላል፤ ፊርማም አለው። አባሪ አንድ እሱ ነው። ለግምገማ ኮሚቴውም ኮፒውን ሰጥቻለሁ። ሪፖርቱ ውስጥ አንድም ቦታ አልተጠቀሰም።

7. እንግዶቹ የመጡት ዝናብ ሲጥል በዋለበት ቀን ነው። ቻምበሩ ተከፍቶ ሊውል ስለሆነ ናይትሮጅን መሙላቱ ዋጋ አልነበረውም። ጋሽ ዝጋ የሥራ ዘመናቸውን ሙሉ ሲዘጉት የኖሩትን ቫልቭ በገዛ እጃቸው ከፈቱ። አየር ወደ ቻምበሩ ሲገባ ረጅም ፉጨት ያሰማል። ፉጨቱ እስኪያበቃ ፊታቸውን ወደ አዳራሹ ግድግዳ አዙረው ቆሙ።

ከዚያ አዳራሹ ታፍኗል ተብሎ ትልቁ የመኪና መግቢያ በር ተከፈተ፤ እርጥብ ነፋስ ሲገባ ዋለ። ከማሽኑ በላይ "ፀሐይን በእጃችን" የሚል ባነር ተሰቀለ። ያንን ቃል ከላቦራቶሪው ማንም አላለም፣ ማንም አልጻፈም። በሪፖርቱ ገጽ አራት ላይ ግን "ላቦራቶሪው ቃል የገባውን ኃይል አላመነጨም" ተብለን የተወቀስነው በዚያ ባነር ነው። ለእንግዶቹ ጓንት በሳጥን አቅርቤ ነበር። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው "ሆስፒታል አስመሰልሽው" ብለው ሳጥኑን በእግራቸው ገፍተው ጠረጴዛ ሥር አስገቡት። አንድ የተከበሩ እንግዳ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ድረስ አስገብተው ግድግዳውን ከውስጥ የሚከልለውን ግራፋይት የተባለ ጥቁር ንጣፍ ዳሰሱ። ጣታቸው ሲጠቁር የቻምበሩ በር ጠርዝ ላይ ጠረጉት። ያ ጠርዝ ማሸጊያው የሚያርፍበት፣ እኛ በአልኮል የምናጸዳው ቦታ ነው።

በመጨረሻ አበባ መጣ። ገና ውሃ የሚንጠባጠብበት እቅፍ አበባ ነው። "ለፎቶው ድምቀት ይሰጣል" ተብሎ በተከፈተው በር ወደ ውስጥ ገባና ፕላዝማው የሚዞርበት ቦታ ላይ ተቀመጠ። እንዲወጣ ጠየቅሁ። ምክትል ዳይሬክተሩ ጠጋ ብለው "ዶክተር፣ እንግዳ ፊት አታዋርጂን" አሉኝ። ፎቶው ተነሣ።

8. እንግዶቹ ሲሄዱ ያገኘነውን ሁሉ ለቅመን አውጥተን ዘጋን። ፓምፑን ካስነሣን በኋላ በመስኮቱ በኩል ስናይ፣ አንድ የአበባ ቅጠል ከግራፋይቱ ጀርባ ተሸጉጦ ቀርቷል። እንደገና ከፈትን። በመቆንጠጫ ይዤ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ዶክትሬቴን የሠራሁት በፕላዝማ ፊዚክስ ነው።

9. ከዚህ በኋላ ቀሪው ሥራ ማሞቅ ነበር። ለማሞቂያ ቀበቶዎቹ ተጨማሪ የኤሌክትሪክ ኃይል እንዲፈቀድልን በደብዳቤ ጠየቅን። ምክትል ዳይሬክተሩ ደብዳቤውን በማኔጅመንት ስብሰባ ላይ ጮክ ብለው አነበቡና፣ መጋገር የሚለው ቃል ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው "ይህ የምርምር ተቋም ነው ወይስ ዳቦ ቤት?" አሉ። ስብሰባው ሳቀ። ጥያቄያችን በኃይል ቁጠባ ምክንያት ውድቅ ተደረገ። በዚያው ሰሞን የጉብኝቱ ፎቶግራፍ በግቢው በር ላይ ተሰቅሎ፣ ከኋላው መብራት ተገጥሞለት፣ ቀንም ሌሊትም ሲበራ ነበር። ዛሬም ይበራል።

10. በጥቅምት የግምገማ ኮሚቴው መጣ። ማሽኑ ስላልጸዳ ግምገማው እንዲራዘም ጠየቅሁ፤ "መርሐ ግብር ተይዟል" ተባልኩ። በኮሚቴው ውስጥ የቫኪዩም፣ ማለትም አየር ስቦ ባዶ የማድረግ ሥራ፣ ባለሙያ እንዲገባ ጠየቅሁ፤ መልስ አልተሰጠኝም። ኮሚቴው ማሽኑ ሲሠራ ማየት ፈለገ፤ አስነሣን።

ከመከፈቱ በፊት ፕላዝማችን ሰው ዓይኑን ጨፍኖ እስኪገልጥ ድረስ ይቆይ ነበር። ይህ ለሌላ ሰው ኢምንት ነው። ለእኛ ያቺ ቅጽበት በሺህ የሚቆጠሩ ልኬቶች የሚወሰዱባት ረጅም ጊዜ ናት። በዚያ ቀን ግን ብልጭ ይላል፣ ሮዝ ቀለም ይይዛል፣ ይጠፋል። ደግመን አስነሣን፤ ብልጭ ብሎ ጠፋ። የብርሃን መለኪያው ስክሪን ላይ የኦክስጅኑ መስመር ከሌላው ሁሉ በላይ ቆሞ ይታይ ነበር። "ይኸው ውሃው" ብዬ በጣቴ አሳየሁ። ማንም ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቀኝም።

አንድ የኮሚቴው አባል "ይቺ ናት ፀሐይዋ? እኔ ቤት ያለችው አምፖል ትሻላለች" አሉ። ሌላው "ተዋት እንጂ፤ ዛሬ ደመና ሆኖባት ነው" አሉ። ሲስቁ አዳራሹ አስተጋባ። ከኋላ የቆሙት ጋሽ ዝጋ ቫልቭ ሲዘጉ ይሰማኝ ነበር። የተዘጋ ቫልቭ ነበር የሚዘጉት።

11. እናቴ ከእኔ ጋር ትኖራለች። ስለ ሥራዬ የምታውቀው እኔ የነገርኳትን ያህል ነው። ማታ በር ስትከፍትልኝ "በራልሽ?" ትለኛለች፤ ለዓመታት ሰላምታችን ይኸው ነው። ባልበራ ቀን "አልበራም እማዬ" እላለሁ፤ "እሱ ምን አለበት፣ ነገ ይበራላ" ትላለች። ኮሚቴው በመጣበት ቀን ማታ ግን "በራ" አልኳት። "ምን ያህል?" አለችኝ። "ብዙ" አልኩ። እራት ላይ ደጋግማ አየችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በር ስትከፍትልኝ ስለ ሥራዬ አታነሣም። ይህ ለአቤቱታው ማስረጃ እንደማይሆን አውቃለሁ። ነገር ግን ሪፖርቱ "በሂደቱ በሠራተኞች ላይ የደረሰ ጉዳት የለም" ስለሚል ይመዝገብልኝ።

12. የሪፖርቱ ሽፋን ያ ፎቶግራፍ ነው። ክፍቱ ቻምበር፣ እቅፍ አበባው፣ የሚንጠባጠበው ውሃ ሳይቀር በጥራት ታትሟል። ገምጋሚዎቹ ማስረጃውን ሽፋን አድርገው፣ ውስጡ ገብተው ምክንያቱ አቅም ማነስ ነው ብለዋል። ክቡርነትዎ ሪፖርቱ ጠረጴዛዎ ላይ ካለ ገልብጠው ከማንበብዎ በፊት ሽፋኑን እንዲመለከቱልኝ እለምናለሁ።

13. ጋሽ ዝጋ በሪፖርቱ መነሻነት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷቸዋል፤ "ለንብረት ተገቢውን ጥንቃቄ ባለማድረግ" ይላል። ጡረታ ሊወጡ የቀራቸው ጥቂት ነው፤ ማስጠንቀቂያው ከማኅደራቸው ጋር ይሄዳል። ደብዳቤውን አንብበው "የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ምን ዋሹ" አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እኔ እንደሳቸው መሆን አልቻልኩም። ማሽን ሊበላሽ ይችላል፤ ያንን የሚጠግን ሙያ አለን። የማልቀበለው ጥፋቱን ያዘዘው እጅ ወቀሳውንም መጻፉን፣ ወቀሳውን ይዞ ቅጣቱንም ማስፈጸሙን ነው። በየትኛው ሕግ ነው ተከሳሽ ዳኛ የሚሆነው? ክቡርነትዎ ሕግ ያውቃሉና ጥያቄውን ለእርስዎ ትቼዋለሁ።

14. ክቡርነትዎ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት አንድ ነገር ራሴ ልግለጽ። ሪፖርቱ ከወጣ ጀምሮ ማሞቂያዎቹን አብርተናል። ለላቦራቶሪው ከተፈቀደው የኃይል መጠን አላለፍንም። የአዳራሹን መብራት ግማሹን፣ የቢሯችንን ማሞቂያ፣ የውሃ ማፍያውን፣ የማያስፈልጉ ኮምፒውተሮችን አጥፍተን በተረፈው ኃይል ግማሾቹን ቀበቶዎች አስነሥተናል። ካፖርት ለብሰን ነው የምንሠራው። ትናንት ቁጥሩን ሊጽፍ የመጣው ሠራተኛ ቻምበሩን በእጁ ደገፍ ሲል ደንግጦ እጁን መለሰ። "ይሄ ነገር ይሞቃል እንዴ?" አለ። "ሞቷል ብለውኝ እኮ ነው የላኩኝ።"

አልሞተም። የጋዝ መለያ መሣሪያው በቻምበሩ ውስጥ ያለው ውሃ በየቀኑ እየቀነሰ መሆኑን ያሳያል፤ ግራፉ አባሪ ሦስት ነው። በግማሽ ኃይል አዝጋሚ ነው፤ አሁን ባለው አካሄድ በጥር መጀመሪያ ለሙከራ ይበቃል። ሙሉ ኃይል ከተፈቀደ ከዚያ ይቀድማል። ያን ቀን ፕላዝማው እንደ ቀድሞው ካልቆየ፣ የአቅም ማነስ የሚለውን ቃል እኔው ራሴ ፈርሜ እቀበላለሁ።

15. ስለዚህ የሚከተለው እንዲፈጸምልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ሀ. የማስወገድ ውሳኔው፣ ቻምበሩ ሞቆ እስኪጸዳና የቫኪዩም ባለሙያ ባለበት እስኪሞከር ድረስ እንዲታገድ፤

ለ. ለማሞቂያዎቹ ሙሉ የኤሌክትሪክ ኃይል እንዲፈቀድ። ኃይል ከየት ይምጣ ከተባለ፣ በግቢው በር ላይ ያለውን ፎቶግራፍ የሚያበራው መስመር ቢጠፋ ቢያንስ አንድ ቀበቶ እንደሚያስነሣ ለክተናል፤

ሐ. ምክትል ዳይሬክተሩ በዚህ ጉዳይ ከማንኛውም ኮሚቴ ራሳቸውን እንዲያገሉ፤

መ. ቻምበሩ በማን ትእዛዝ እንደተከፈተ በሪፖርቱ ውስጥ እንዲጻፍና ለቴክኒሺያኑ የተሰጠው ማስጠንቀቂያ እንዲነሣ።

አራቱም ባይሟሉ የመጀመሪያው አይቅርብኝ። ሌሎቹን ቆይቼ ልከራከርባቸው እችላለሁ። የተቆረጠ ቻምበር ግን ተመልሶ ቢበየድም ያንን ባዶነት አይዝም፤ በዚህ ላይ ይግባኝ የለም።

16. የንብረት ማስወገጃ ኮሚቴው ሐሙስ ታኅሣሥ 10 ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ይሰበሰባል። የብረት ቆራጮቹ ለዓርብ ተጠርተዋል፤ ጋዛቸውንና መቁረጫቸውን ከወዲሁ ከአዳራሹ ውጭ አስቀምጠዋል። እግዱን ሊሰጥ የሚችለው የክቡርነትዎ ጽሕፈት ቤት ብቻ ነው። ማሞቂያዎቹ እስከዚያ ድረስ እንደበሩ ይቆያሉ። የእግድ ውሳኔውን እስከ ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣ ከቁጣም ጋር

(ፊርማ)
የፕላዝማ ፊዚክስ ላቦራቶሪ ኃላፊ